ቁልፍ የሌለው ባትሪ

«ልጄ ነው የሠራልኝ» አለች እናቷ።

ሚሊ ፊቷን እየታጠበች ነበር። በመታጠቢያ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ እዚያ ያስነጠሰ ሰው እዚህ «ይማርህ» ይባላል። ሳሙናው ዓይኗን እያቃጠላት ሁለት እጇን ከቧንቧው ሥር እንደዘረጋች ቀረች። እናቷ «ናት» ልትል «ነው» ብላ ይሆናል፤ ሰው በጠዋት አፉ ሳይፈታ ይሳሳታል ብላ ጠበቀች። እናቷ ግን ቀጠለች። በመዳፍ ዞር ማድረግ ብቻ ነው፣ መጫን የለ፣ መታገል የለ፣ ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም፣ ልጄ ነው እጄን አይቶ፣ አስቦ፣ የሠራልኝ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው «እጁ ይባረክ» ስትል እናቷ «አሜን» አለች። ሚሊን ያንገበገባት ይኸው «አሜን» ነው። የተሳሳተ ሰው እንዲህ ረጋ ብሎ አሜን አይልም። ከ«ናት» እስከ «ነው» ያለው መንገድ አጭር ነው፤ የአንድ ክረምት ሙሉ ሥራዋ ግን በዚያ አጭር መንገድ ከእጇ ወጥቶ ወንድሟ እጅ ገባ።

ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስትወጣ ልብስ ሰፊዋ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። እንዲህ ያለ ወንድም ያላት ሴት የታደለች መሆኗን፣ የራሷ ወንድም ግን በስልክ እንኳ ደውሎ «እንዴት አደርሽ» እንደማይላት ነገረቻት። ሚሊ «አዎ» አለች። ለምን «አዎ» እንዳለች ለራሷም አልገባትም። ጎረቤት ፊት ለፊት ቆሞ ሲያመሰግን፣ ምስጋናው የሌላ ሰው ቢሆንም፣ አፍ ዝም ብሎ «አዎ» ይላል። እናቷ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች ነበር። ቁርጥማት የጣቶቿን አንጓዎች አሳብጦ እንደ ቋጠሮ አድርጓቸዋል። የናስ ቀለበት ያለውን የእጅ ባትሪ ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ ሥር እያዟዟረች አንዴ ደብዘዝ፣ አንዴ ፈካ ታደርገዋለች። ልጇን ቀና ብላ አላየችም። ይህ ደግሞ ሌላ ማስረጃ ነበር።

ሚሊ የሚለውን ስም ያወጣላት ወንድሟ ነው፤ ዳቦ እንኳ ስትቆርጥ በሚሊሜትር ትለካለች ሲል። እሱን ደግሞ ሰፈሩ «ቀዳሚው» ይለዋል። ምንም ነገር ቢነሳ እሱ ቀድሞ ያሰበው፣ ቀድሞ ያየው ወይም ቀድሞ የተወው ስለሆነ ነው። ዝናብ እንኳ ቢዘንብ «እኔ ትናንት ብያለሁ» ይላል። ሚሊ ግን ታላቋ ስለሆነ ጋሼ ነው የምትለው፤ በስሙም፣ በቅጽል ስሙም ጠርታው አታውቅም።

ቁርስ ላይ ግራጫ ሱፉን ለብሶ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ በአንድ እጁ እንቁላል በዳቦ፣ በሌላው ማበጠሪያ ይዞ ከክፍሉ ወጣ። ቀኑ የትርኢቱ ቀን ነው። የከተማው የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የፈጠራ ሥራ ያላቸው ሰዎች ሥራቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ፤ እሱ ደግሞ ከማሳየትም አልፎ መድረክ ላይ፣ ሕዝቡ እያየ፣ ቁልፍ የሌለውን ባትሪ እንዲሠራ ተጋብዟል። ይህን ለሚሊ የነገራት «ተጋብዘናል» ብሎ ነው። ትንሿን የጠረጴዛ ቶርኖ፣ ብረት መቅረጫ ማሽኗን፣ የሚጭነው ፒክአፕ መድረሱን ጠየቃት፤ የናሱን ቁራጭ እንዳትረሳ አሳሰባት፤ ጫማዋን እንድትቀይርም ነገራት።

«ጋሼ፣ ስለ ቀለበቱ ሲጠይቁህ የማን ሥራ ነው ልትል ነው?» አለችው።

«የቤታችን» አለ እያኘከ። «የቤታችን ነዋ። የማን ሊሆን?»

እናቷ ሻይዋን በሁለት መዳፏ አቅፋ ጠጣች። «የቤታችን» የሚለውን ቃል ሚሊ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ሥራው ሲበላሽ «ያንቺ» ነው፣ ሲሳካ «የቤታችን» ይሆናል፣ ከቤት ደጃፍ ሲወጣ ደግሞ «የኔ» ይባላል። ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ማጠቢያው ስትሄድ ከአስፈላጊው በላይ አንኳኳቻቸው። ማንም ምን ሆንሽ አላላትም። በዚህ ቤት ሳህን መንኳኳቱ የማጠብ አካል ተደርጎ ከተወሰደ ቆይቷል።

የሥራ ቦታቸው ከቤቱ ሁለት ሱቅ አልፎ፣ በጎማ ጠጋኝና በፎቶ ኮፒ ቤት መካከል የተሰነቀረ ጠባብ ክፍል ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው የተቃጠለ ዘይት ሽታ ነው፤ ቀጥሎ የብረት ፍቅፋቂው ጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል። በግራ በኩል ትልቁ ቶርኖ፣ በቀኝ ብረት መያዣው ሞርሳና መብሻዎቹ ፑንታዎች፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ቀዳሚው «የመጀመሪያዎቹ» የሚለው መደርደሪያ አለ። እያንዳንዱ ባትሪ በአንድ ነገር የመጀመሪያ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት እንዳይንከባለል ባለሦስት ጠርዝ የተደረገው አለ፤ ይህ በእርግጥ ደህና ነው። ጭራው ላይ ፊሽካ ያለው አለ፤ ሲነፋ ባትሪ ድንጋዩ ምራቅ ይጠጣና ይጠፋል። ሰውነቱ ከመዳብ ሆኖ ኤልኢዲ አምፖሉ ሲሞቅ አብሮ የሚግል፣ በጨርቅ ካልሆነ የማይያዝ አለ። በሁለቱም ጫፍ የሚያበራ አለ፤ ከፊትህ መንገድህን ያሳይሃል፣ ከኋላ ዓይንህን ያጠፋብሃል። ይህን የገዛ አንድ የሕንጻ ጥበቃ በማግስቱ መልሶ አምጥቶ «ሌባውን ሳይሆን ራሴን ያዝኩ» ብሎት ነበር። ቀዳሚው ግን እስከዛሬ ድረስ «ጊዜው ስላልደረሰ ነው» ነው የሚለው።

ነገሩ በዚህ ብቻ ቢቆም ሚሊ ንዴቷን ይዛ መኖር ባልከበዳት። ያስቸገራት ወንድሟ እውነተኛ ቀዳሚ የሆነበት ነገር መኖሩ ነው። በሰፈሩ ገበያ ሰው ሁሉ ከወደቀ የማይነሳ የፕላስቲክ ባትሪ ሲገዛ፣ ከድፍን አሉሚኒየም ቆርጦ፣ ውስጡን ቦርቡሮ፣ ጥርስ አውጥቶ፣ አንገቱን በጎማ ቀለበት አሽጎ ዕድሜ ልክ የሚይዙት ባትሪ መሥራት የጀመረ እሱ ነው። እሷን ቶርኖ ያስተማራትም እሱ ነው። ሴት ልጅ ብረት ላይ ምን ትሠራለች ሲሉት «እጅ እንጂ ፂም አይደለም የሚቆርጠው» ብሎ መለሰላቸው። ከጀርባዋ ቆሞ «ብረቱን አትግፊው፤ ቀስ ስትይ ራሱ ይመጣልሻል» ያላት አሁንም ጆሮዋ ላይ አለ። ይህን ሁሉ ያደረገላትን ሰው ሌባ ማለት ከበዳት፤ ሌባ አለማለትም እንደዚሁ ከበዳት። በዚህ መሃል የምትይዘው ቃል ስታጣ ነው ሳህን የምታንኳኳው።

ቀለበቱ የመጣው እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት መብራት ሄዶ፣ ሚሊ ከሥራ ስትመለስ እናቷን ኮሪደሩ ላይ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ መሬት ተቀምጣ አገኘቻት። ወድቃ አልነበረም። ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ ጨለማው ግራ አጋብቷት፣ እንዳትወድቅ ፈርታ ቁጭ ብላ ነው። እጇ ላይ የቀዳሚው ኩራት፣ ውሃ የማያስገባው ባትሪ ነበር። ውሃ እንዳያስገባ ብሎ ማብሪያውን በወፍራም ጎማ ስለሸፈነው ጤነኛ አውራ ጣት እንኳ ታግሎ ነው የሚጫነው። እናቷ «ብርሃኑ እጄ ላይ ነው፤ ግን አልወጣልኝም» አለቻት። ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ኀፍረት ነበር፤ ሚሊን ያባነናት እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ክረምት ሁሉ ቀለበት ነበር። ቱቦውን ሳትበሳ፣ ውሃ ሳታስገባ፣ በመዳፍ የሚዞር፣ ውስጡ ማግኔት የተቀበረበት ሰፊ የናስ ቀለበት። አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል፣ አንዱ ሲዞር ይጮኻል፣ አንዱ ኪስ ውስጥ ራሱ ይበራል። ቀዳሚው ከኋላዋ እያለፈ «ማግኔትን እኔ ድሮ አስቤው ትቼዋለሁ» ይላት ነበር። በመጨረሻ ሲበራ ግን እንባ ባይኑ ሞላ። እውነተኛ እንባ ነው። ከእጇ ተቀብሎ እየሮጠ ወጥቶ ለጎማ ጠጋኙ አሳየው፤ ለፎቶ ኮፒዋ ልጅ አሳያት፤ በመንገድ የሚያልፈውን አስቁሞ አሳየ። ባትሪው ያን ቀን ከእጇ እንደወጣ ቀረ።

የፒክአፑ ሹፌር ወሬ ይወዳል። ትንሿን ቶርኖ ከኋላ አስረው ሦስቱም ከፊት ወንበር ላይ ተጣብቀው ሲሄዱ፣ ስለ ነዳጅ ውድነት፣ ስለ አሉሚኒየም መወደድ፣ ስለ ሚስቱ ወንድም አወራ። ቀዳሚው ከመስታወቱ ፊት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ንግግሩን ያጠናል። ሚሊ በመሃል ተቀምጣ የናሱን ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። አንድ ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ ሹፌሩ ለሷ ዝም ማለት በጎ ነገር አለመሆኑን ነገራት። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» አላት፤ ስለ ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ እንዲሁ ወሬ እንዲቀጥል ብሎ። ሚሊ የናሱን ጨርቅ አጠበቀች።

አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛቸውን ስታይ ግን ባለችበት ቆመች። በወፍራም ወረቀት ላይ የወንድሟ ስም በትልቁ ተጽፎ ከሥሩ «የመጀመሪያው ቁልፍ አልባ የእጅ ባትሪ ፈልሳፊ» ይላል። ከዚያ በታች በቀጭኑ «ረዳት፦ እህቱ» ተብሏል። ስም የለም። ለቶርኖዋ እንኳ የፋብሪካ ስሟ ሆዷ ላይ ተለጥፎላታል። ወንድሟን ዞር ብላ ስታየው ወረቀቱን ያዘጋጁት እነሱ እንደሆኑ፣ በስልክ ነግሯቸው በደንብ እንዳልሰሙት፣ አሁን ለማስተካከል ጊዜ እንደሌለ በአንድ ትንፋሽ ነገራት። ከዚያ የሱፉን ቁልፍ ቆልፎ ሰው ሊጨብጥ ሄደ። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል፤ እሱ ገና ከበሩ እስከ መድረኩ ሳይደርስ ግማሹን አዳራሽ ወዳጅ አድርጎ ነበር።

ሚሊ ቶርኖዋን አስተካክላ፣ ናሱን መንጋጋው ውስጥ አጥብቃ፣ ስለቱን በጣቷ ሞክራ ጠበቀች። ተራቸው ሲደርስ መድረክ መሪው፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚገዝፍ ጎልማሳ፣ ቀዳሚውን አስተዋወቀ። ቀዳሚው ድምፅ ማጉያውን እንደ ዘመድ እጅ ያዘው። ስለ ብረት ተናገረ፤ ስለ ብርሃን ተናገረ፤ ስለ ፊሽካው ባትሪም ጥቂት ተናገረ። ሚሊ ማሽኑን አስነስታ መቁረጥ ጀመረች። ናሱ እንደ ቢጫ ፀጉር እየተጠቀለለ ይወርዳል። ሥራ ላይ ስትሆን ብዙ ነገር አትሰማም፤ «ፈጠራዬ» ሲል አልፋዋለች፣ «እኔ ባሰብኩት» ሲልም አልፋዋለች። ይህን ሁሉ ከቤት ስትወጣ ጠብቃው ነበር። ቀጥሎ ያለውን ግን አልጠበቀችውም።

«አንድ ምሽት ቤቴ ስገባ» አለ ቀዳሚው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መብራት የለም። እናቴን ኮሪደር ላይ፣ መሬት ተቀምጣ አገኘኋት። ባትሪው እጇ ላይ ነው። ‹ልጄ› አለችኝ፣ ‹ብርሃኑ እጄ ላይ ነው፤ ግን አልወጣልኝም›።»

ከፊት የተቀመጡ አንዲት ሴት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሚሊ ማሽኑን አጠፋች። ለማጥፋት አስባ አልነበረም፤ እጇ ነው የሄደው። ጩኸቱ ሲቆም ሰው ሁሉ ወደሷ ዞረ፤ ስለዚህ ጮክ ማለት አላስፈለጋትም።

«ጋሼ፣ ያን ቀን አንተ አልነበርክም። ያገኘኋት እኔ ነኝ።»

ቀዳሚው ፊቱ ባዶ ሆነ። ለአፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ የእውነት ለማስታወስ የሚሞክር ሰው መሰለ፤ ያኔ የት ነበርኩ ብሎ ራሱን የሚጠይቅ። ሚሊ ያን ጊዜ ነገሩ ከጠረጠረችው የባሰ መሆኑ ገባት። ሰውየው አልዋሸም። ደጋግሞ ሲያወራው ኮሪደሩ ውስጥ ገብቶ፣ እናቱን አግኝቶ፣ አልቅሶ ወጥቷል። የሚዋሽን ሰው ታፋጥጠዋለህ፤ የሚያስታውስን ሰው ምን ታደርገዋለህ? ከዚያ ሳቁ ተመለሰለት። «እህቴ ናት» አለ ለሕዝቡ፤ «ሥራ ላይ ስትሆን ቀልድ ትወዳለች።» መድረክ መሪው ከሁሉ ቀድሞ ሳቀ፤ አዳራሹም ተከተለው። ሰው የሚያስጨንቅ ነገር ሲመጣበት በሳቅ ማምለጥ ይወዳል።

ሚሊ ሥራ ላይ ቀልዳ አታውቅም። የዓይን መነጽሯን አውልቃ ቶርኖዋ ላይ አስቀመጠች፤ እጇን በጨርቅ ጠረገች፤ በግማሽ የተቆረጠውን ቀለበት መንጋጋው ውስጥ እንዳለ ትታ ከመድረኩ ወረደች። ማንም አልያዛትም። አንድ ሰው መጸዳጃ ቤቱን የምትፈልግ መስሎት በእጁ አሳያት።

አውቶቡስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ራሷን ነበር የምትበላው። ያን ሁሉ ሰው ፊቷ አግኝታ፣ ቀለበቱ የኔ ነው ማለት ሲገባት ስለ ኮሪደር ተናገረች። ማን ይገባዋል ስለ ኮሪደር? ነገር ግን ስታስበው ሌላ ነገር ልትል እንደማትችል አወቀች። ቀለበት ናስ ነው፤ ሌላ ይቆረጣል። ያን ምሽት ግን እናቷን ከመሬት ስታነሳት ክብደቷ ምን ያህል እንደቀነሰ በክንዷ የለካችው እሷ ነች። አብረው በጨለማ ወደ አልጋው ሲሄዱ እናቷ አንድ ጊዜ እንኳ እጇን አልለቀቀችም። ያንንም ወስዶ በድምፅ ማጉያ ሲያወራው ቆሽቷ አረረ። ከጎኗ የተቀመጡ ሽማግሌ ቦርሳቸውን ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ፤ ፊቷን አይተው ይሆናል።

ቤት ስትገባ እናቷ ቀድማ ለምን እንደመጣች ጠየቀቻት። ሚሊ ሳትቀመጥ ነገረቻት፤ ወረቀቱን፣ ረዳት መባሏን፣ ኮሪደሩን፣ ሳቁን። ጠዋት በግድግዳው የሰማችውንም ጨመረችበት። እናቷ አልካደችም። ጥፋት ተገኘባት ብላም አልደነገጠችም። ከአጠገቧ ያለውን ትራስ እያስተካከለች ቆየች፤ ቀድሞም ደህና ተቀምጦ የነበረውን ትራስ።

«የእናት ሆድ ዥጉርጉር ነው» አለች በኋላ። «እሱ ለሰው የሚያሳየው ምን አለው? በሁለት በኩል የሚያበራውን? አንቺ ዛሬ ያልሠራሽውን ነገ ትሠሪያለሽ። እጅ አለሽ። እሱ አፍ ብቻ ነው ያለው።»

«ታዲያ የነገውንም ስሠራ ለሱ ልትሰጪው ነው?»

እናቷ ትራሱን መልሳ ገለበጠችው። ከመንገድ የጎማ ጠጋኙ መዶሻ ይሰማል። ሚሊ ቁጭ አለች፤ የተቀመጠችው ይቅር ስላለች አይደለም፤ እግሯ ስለደከመ ነው። አንድ ሰው ሲያሞግስሽ እያዘረፈሽ፣ ሲያዘርፍሽ እያሞገሰሽ ሲሆን በየት በኩል ገብተሽ ትጣዪዋለሽ? መልሱን ፍለጋ ጣሪያውን አየች። ጣሪያው ላይ የድሮ የውሃ ነጠብጣብ እንጂ መልስ አልነበረም።

«ኮሪደሩን አልሰጠሁትም» አለች እናቷ። «ያን ምሽት እዚያ ቁጭ ብዬ ስጣራ የነበረው አንቺን ነው። እሱን አንድ ጊዜ አልጠራሁም።» ሚሊ ቀና አለች። እናቷ ግን ጊዜ አልሰጠቻትም። «ይህን ለጋሼሽ እንዳትነግሪው ታዲያ፤ ይከፋዋል።»

ፀሐይ ወደ መግቢያዋ ስታዘቀዝቅ ፒክአፑ ደጃፍ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ቶርኖዋን ወደ ሥራ ቦታው አስገብቶ ቁልፉን ሊሰጣት ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ በሹክሹክታ አዳራሹ ውስጥ ያየውን ሁሉ ነገራት። እሷ እንደወጣች ቀዳሚው ሱፉን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ ማሽኑ ላይ ቆመ። ዓይኑ ቅርብ ለቅርብ ማየት ካቆመ ስንት ጊዜው ነው፤ መነጽር ደግሞ ሽማግሌ ያስመስለኛል ብሎ አያደርግም። ስለቱን አብዝቶ ገፋው። ናሱ ጮኸ፣ ዘለለ፣ አውራ ጣቱን ቆረጠው። በጨርቅ ጠቅልሎ ቀጠለ። እስከ መጨረሻው ቆረጠው፤ ሲያወጣው ግን ቀለበቱ ክብነቱን ስቶ እንቁላል መስሎ ነበር፤ ባትሪው አንገት ላይ አልገባም። ሕዝቡ አጨበጨበ። «ጭብጨባው ግን የአዘኔታ…» አለና ሹፌሩ ሳይጨርሰው ሄደ። ሚሊ ይህን ስትሰማ ደስ ይለኛል ብላ ነበር። ደስ ሊላት ሞክራም ነበር። የታያት ግን «ብረቱን አትግፊው» ይላት የነበረው ሰው፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ብረቱን ሲገፋ ነው። ለዚያም ደግሞ ተናደደች፤ ለአንድ ከሰዓት እንኳ በሰላም እንድትቆጣው የማይተዋት መሆኑ።

ቀዳሚው ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አውራ ጣቱ ላይ ያለው ፋሻ ትልቅ ነው። ስለ አዳራሹ አላወራም፤ ስለ እሷ መሄድም አላነሳም። እናቱ ጣቱን ልታይ እጇን ስትዘረጋ «ምንም አይደለም» ብሎ መለሳት። ሾርባ ቀረበ። ሦስቱም በሉ። ማንኪያ ሳህን ሲነካ ይሰማል፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይሰማል። እናቷ ጨው እንዳነሰው ተናገረች። ማንም ጨው አላመጣም። ሚሊ ሁለት ጊዜ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሾርባ አስገባችበት። ከፊቷ የተቀመጠው ሰው አንገቱን ሲደፋ ከላይ የሳሳው ፀጉሩ ይታያል፤ ጠዋት በውሃ ያስተኛው ሁሉ ተነሥቷል።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኩ ጠራ። ቀዳሚው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጀርባውን አቅንቶ፣ በአዳራሹ ድምፅ «አቤት፣ እኔው ነኝ» አለ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ የደዋዩ ንግግር ቁርጥራጩ ለሁሉም ይደርሳል። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። ሚስቱ በሕመም ቀኝ ጎኗ ከዛለ ወዲህ ጣቶቿ አይታዘዟትም፤ መዳፏም ቢሆን እንደ እናትዎ አይደለም፤ ምናልባት በእጅ አንጓዋ ገፋ አድርጋ የምታበራው ዓይነት ቢሆን፣ ቀለበቱ ይስፋ ወይስ ወደ ጭራው ይውረድ፣ ማግኔቱስ ከዚያ ይደርሳል ወይ? ቀዳሚው «እሱ… እሱማ…» አለ። እንደገና «እሱማ እንግዲህ…» አለ። የታሸገ ጣቱን አየ። እናቱን አየ፤ እናቱ ሳህኗን ታያለች። ፊቱ ቀስ በቀስ ቀላ።

«እሷን ጠይቋት፤ እኔ ምን አውቃለሁ!» ብሎ ስልኩን በጠረጴዛው ላይ ወደ ሚሊ ገፋው። ስልኩ ተንሸራቶ ሳህኗን ገጭቶ ቆመ።

እውነቱን የተናገረው ስድብ አስመስሎ ነው። ሚሊ አየችው፤ እሱ መስኮቱን ያያል። እናቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እንዲህ ሆኖ ነው እንዴ የሚሰጠው፣ በንዴት፣ ሾርባ በነካው ጠረጴዛ ላይ እየተገፋ? አልቀበልም ብላ ልትነሳ አሰበች። ከስልኩ ውስጥ ግን ሰውየው «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል፤ ከኋላው ደግሞ አንዲት ሴት «ተወው በቃ፣ ሰዎቹን አታስቸግር» ስትል ይሰማል። ድምፅዋ ውስጥ ኀፍረት ነበር።

ሚሊ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኩን አነሳች።

«አቤት» አለች። «የባለቤትዎ እጅ አንጓው ላይ እስከ የት ድረስ ይታጠፋል?»